ምዕራፍ 6፦ «አልጠቀመኝም» ሊሉት የሚችሉት አማካሪ

አንድ ሰው ከአማካሪ ፊት ተቀምጦ የልቡን ተናግሮ፣ ለጥቂት ሳምንታት ተመላልሶ ምንም ለውጥ ሳያይ ሲቀር ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ይደመድማል። ወይ «ምክር የሚባለው ነገር ወሬ ነው፤ ገንዘብ ከመጨረስ በቀር ፋይዳ የለውም» ይላል፤ ወይ ደግሞ «ችግሩ እኔው ነኝ፤ የማልድን ሰው ነኝ» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ሦስተኛው ምክንያት፣ ማለትም ሰውየውና አማካሪው አልተጣጣሙም ወይም የተጀመረው የሕክምና ዓይነት ለችግሩ አልሆነም የሚለው፣ እምብዛም ትዝ አይልም። ትዝ ቢል እንኳ ለባለሙያው ፊት ለፊት መናገር ነውር ይመስላል። እናም ሰውየው በሚቀጥለው ቀጠሮ ይቀራል፤ ሲደወልለትም ስልኩን አያነሣም፤ ነገሩ በዚያው ተድበስብሶ ይቀራል።

በንግግር ሕክምና ላይ ከሰባ ዓመት በላይ የተሠራው ምርምር ግን ያ ሳይነገር የቀረው ቃል ከሕክምናው ዋና መሣሪያዎች አንዱ እንደነበር ያሳያል። አማካሪ ስንፈልግ አስቀድመን የምንጠይቀው ዲግሪውን፣ ዝናውንና የሕክምናውን ስም ነው። ሁሉም ተገቢ ጥያቄ ነው። ከሁሉ በላይ ሊመዘን የሚገባው ግን በዚህ ሰው ፊት «ይህ ነገር እየጠቀመኝ አይደለም» ማለት ይቻላል ወይ የሚለው ይመስለኛል። ይህን የምለው ለታካሚው ምቾት ብቻ አስቤ አይደለም፤ ማስረጃው ወደዚያው ስለሚመራ ነው። ማስረጃውን በቅጡ ለመረዳት ደግሞ የሕክምናዎቹ ዓይነቶች በተግባር ምን እንደሚመስሉ ማየት ያስፈልጋል።

አንዲት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ አለች እንበል። ከጥቂት ወራት ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሏታል፣ የምግብ ፍላጎቷ ጠፍቷል፣ ሥራ ቦታ ሰዎች ሲሳሳቁ በእሷ ላይ የሚስቁ ይመስላታል። ዛሬ ጠዋት አለቃዋ በኮሪደሩ ሲያልፉ ሰላም ስላላሏት «ሊያባርሩኝ ነው» እያለች ስትብሰለሰል ዋለች። ይህች ሴት በአሮን ቤክ መንገድ የሠለጠነ ባለሙያ ዘንድ ብትሄድ ወረቀትና እስክሪብቶ ይቀርብላታል። ቤክ በፊላዴልፊያ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ የአእምሮ ሐኪም ነው። በ1960ዎቹ (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በድባቴ የሚሠቃዩ ታካሚዎቹን ሲያዳምጥ፣ ስለ ራሳቸው፣ ስለ ዓለምና ስለ ነገ የጨለመ ሐሳብ ሳይጠሩት እየመጣ እንደሚመላለስባቸው አስተዋለ። በቤክ መንገድ የምትታከመው ሴት ወረቀት ዓምድ ዓምድ ሆኖ ይሰመራል። በመጀመሪያው ዓምድ «አለቃዬ ሰላም ሳይሉኝ አለፉ» ብላ ትጽፋለች፤ በሁለተኛው «ሊያባርሩኝ ነው»፤ በሦስተኛው ስሜቷን ከመቶ ትመዝናለች፤ ፍርሃት 80፣ ሐዘን 60። ቀጥሎ ለዚህ ሐሳብ የሚመሰክር ምን እንዳለ፣ የሚቃረነውስ ምን እንደሆነ ትጠየቃለች። ትናንት ያቀረበችውን ሪፖርት አመስግነው እንደፈረሙላት፣ ዛሬ ጠዋትም ያለፉት ስልክ እያወሩ እንደሆነ ያን ጊዜ ይወጣል። ፍርሃቱ እንደገና ይመዘናል። ለሚቀጥለው ሳምንት የቤት ሥራም ይሰጣታል፤ ምናልባት አለቃዋ ቢሮ ገብታ አንድ የሥራ ጉዳይ መጠየቅና የሆነውን መጻፍ። ይህ ሲቢቲ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው ሕክምና ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 20 ቀጠሮ ይወስዳል።

ይህችው ሴት ከዚግመንድ ፍሮይድ በወረደው መንገድ የሚሠራ ባለሙያ ዘንድ ብትሄድ ወረቀት አይቀርብላትም። አለቃ ፊቱን ሲያዞርባት ልቧ ለምን እንዲህ እንደሚሸበር፣ በሕይወቷ መጀመሪያ ፊቱን ያዞረባት ማን እንደነበር፣ ይኸው ፍርሃት በአማካሪው ላይም እንዴት እንደሚነሣባት ቀስ ተብሎ ይመረመራል። አማካሪው አንድ ቀን ቀጠሮ ቢያዛውር «እሱም ሰለቸኝ» ብላ ታስብ ይሆናል፤ ሕክምናው ይህንኑ ስሜት እዚያው ክፍል ውስጥ እንዳለ ሊያገኘው ይፈልጋል። መንገዱ የተጀመረው በቪየና ነው። ፍሮይድና ዮሴፍ ብሮየር በ1895 ስለ ሂስቴሪያ ባሳተሙት መጽሐፍ አና ኦ. የተባለችው የብሮየር ታካሚ ናት አሠራሩን «የንግግር ፈውስ» ብላ የጠራችው። ስሙን ያወጣችው ታካሚዋ መሆኗ ሊዘነጋ አይገባም። አሜሪካዊው ካርል ሮጀርስ ደግሞ ትንታኔውንም የቤት ሥራውንም ወደ ጎን ትቶ፣ ሰው ያለ ፍርድ ከልብ ሲደመጥ የራሱን መንገድ ያገኛል አለ። በ1957 ባወጣው ዝነኛ ጽሑፍ አማካሪው ሐቀኛ መሆኑን፣ ሰውየውን እንዳለ መቀበሉንና ስሜቱን ከውስጥ መረዳቱን ለለውጥ አስፈላጊ ናቸው ካላቸው ነገሮች መካከል አስቀመጠ፤ ይህ መቀበልና መረዳት ለታካሚው ሊደርሰው ይገባል የሚልም ጨመረበት።

ለእኛ ኑሮ በጣም ይቀርባል ብዬ የማስበው ግን አራተኛው፣ ጄራልድ ክለርማንና ሚርና ዋይስማን ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያዳበሩት፣ በሰዎች መካከል ባለ ግንኙነት ላይ የሚያተኩረው ሕክምና ነው። ጥያቄው ቀጥተኛ ነው። ይህ ስሜት ሲጀምርሽ በኑሮሽ ውስጥ ምን ተለውጦ ነበር? የሞተ ሰው አለ? ከሰው ተጣልተሻል? አግብተሻል፣ ወልደሻል፣ ተሰደሻል፣ ከሥራ ወጥተሻል? ወይስ የሚቀርብሽ ሰው ጠፋ? ከእነዚህ አንዱ ተመርጦ ለተወሰኑ ሳምንታት በእሱ ላይ ይሠራል። ሐዘን ከለቅሶ ቤት መልስ እንዴት እንደሚቀጥል፣ ከባል ወይም ከእህት ጋር የተፈጠረው ጠብ እንዴት እንደሚነገር፣ ይህ ሁሉ የማንኛውም ኢትዮጵያዊ ቤት ጉዳይ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ትምህርት ክፍል ከ2003 ጀምሮ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ስፔሻሊስቶችን ሲያሠለጥን የቆየ ሲሆን፣ ከዚህ ትብብር ከወጡት ሥራዎች አንዱ ይህ ሕክምና ከኢትዮጵያ ሁኔታ ጋር ተስማምቶ መዘጋጀቱ ነው።

እንግዲህ ከእነዚህ የትኛው ይሻላል? ጥያቄው አሮጌ ነው፤ በፊት ግን የባሰ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። በለንደን ይሠራ የነበረው ሃንስ አይዘንክ በ1952 ያሉትን ቁጥሮች ሰብስቦ፣ የታከሙት ካልታከሙት የበለጠ ስለመዳናቸው ማስረጃ የለም አለ። ቁጣም ምርምርም ተከተለ። በ1977 ሜሪ ስሚዝና ጂን ግላስ 375 ጥናቶችን በአንድነት መዝነው፣ የንግግር ሕክምና ያገኘ መካከለኛ ሰው ካላገኙት 75 በመቶ ከሚሆኑት የተሻለ ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ አሳዩ። በዚያው ሥራ በሕክምና ዓይነቶቹ መካከል ያለው ልዩነት ግን ትንሽ ሆኖ ተገኘ። ሶል ሮዘንዝዋይግ ገና በ1936 ሁሉም መንገዶች የሚጋሩት አንድ የሚሠራ ነገር ሳይኖር አይቀርም ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ልዩነቱ መጠን ክርክሩ ባይቆምም፣ ለተለመደው ድባቴ በሚገባ የተሰጡ የተለያዩ ሕክምናዎች ተቀራራቢ ውጤት እንደሚያመጡ በሰፊው ተቀባይነት ያገኘ ነገር ነው።

ሁሉም ለሚጋሩት ነገር መልክ የሰጠው ኤድዋርድ ቦርዲን ነው። በ1979 እንደጻፈው በታካሚውና በባለሙያው መካከል የሚሠራ ኅብረት ሦስት ነገር ይዟል፤ የት ለመድረስ እንደሚፈለግ መስማማት፣ ለመድረስ ምን እንደሚሠራ መስማማት፣ እና መተማመን። ሦስቱን ለየብቻ ማየት ይጠቅማል። አንድ ሰው አማካሪውን ሊወደውና ሊያምነው ይችላል፤ ሆኖም እሱ የመጣው ሌሊት እንዲተኛ ከሆነ፣ አማካሪው ደግሞ ከአባቱ ጋር እንዲታረቅ እየሠራ ከሆነ፣ ኅብረቱ ጎድሏል። ክሪስቶፍ ፍሉኪገርና ባልደረቦቹ በ2018 ወደ 295 የሚደርሱ ጥናቶችን ከ30,000 በላይ ታካሚዎች ጋር አጠቃለው፣ ኅብረቱ በጠነከረ መጠን ውጤቱም እንደሚሻል አረጋግጠዋል፤ ይህም በሁሉም የሕክምና ዓይነቶች የታየ ነው። እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ ሁለት ተቃውሞ ያነሣል። የመጀመሪያው፣ ሰው እየዳነ ስለሆነ አማካሪውን ይወደዋል እንጂ ስለወደደው አይደለም የዳነው የሚል ነው። በከፊል ትክክል ነው፤ ሁለቱ ይመጋገባሉ። ሆኖም ኅብረቱ በመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች፣ ገና ብዙ ለውጥ ሳይመጣ ሲለካም የኋላውን ውጤት መጠቆሙን አልተወም። ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ግንኙነቱ በቁጥር ሲታይ ትንሽ ነው፤ በሰዎች መካከል ካለው የውጤት ልዩነት ኅብረቱ የሚያስረዳው ወደ 8 በመቶ ብቻ ነው የሚል ነው። ይህም እውነት ነው። ነገር ግን ሕክምና ፈላጊው ራሱ አይቶ ሊመዝናቸውና ሊለውጣቸው ከሚችላቸው ነገሮች ከዚህ የሚበልጥ ማግኘት ከባድ ነው። የባለሙያውን ዲግሪ መለወጥ አይችልም፤ ስለ ግቡ መነጋገር ግን ይችላል።

ታዲያ ኅብረቱ ሲጎድል አማካሪው ራሱ አያስተውልም? ብዙዎቻችን ባለሙያ ስለሆነ ያውቃል ብለን እናምናለን። በ2005 ከታተመ ጥናት የተገኘው ነገር ይህን እምነት ክፉኛ የሚያናጋ ነው። ባለሙያዎች 550 ከሚሆኑ ታካሚዎቻቸው መካከል እየባሰበት የሚወጣው ማን እንደሆነ አስቀድመው እንዲገምቱ ተጠየቁ። የገመቱት ሦስት ሰው ብቻ ነው። በመጨረሻ የባሰባቸው 40 ነበሩ፤ ከእነዚህም በትክክል የተገመተው አንድ ብቻ ነው። እነዚህ ባለሙያዎች ሰነፎች አልነበሩም። ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ሲል ከዚያ ጀርባ ያለውን ማየት ለማንም ከባድ ነው። በካናዳ የዮርክ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ሬኒ ታካሚዎችን ከቀጠሯቸው በኋላ የተቀዳውን እያሰማ ሲጠይቃቸው፣ ባለሙያውን ላለማስቀየም ሲሉ ቅሬታቸውን ዋጥ አድርገው እንደሚያልፉ ደርሶበታል። በካናዳ እንዲህ ከሆነ፣ ሐኪምን ቆመው በሚቀበሉበት፣ ታላቅን «አይደለም» ማለት እንደ ድፍረት በሚቆጠርበት፣ ይሉኝታ ከልጅነት ጀምሮ በሚጠባበት አገር ምን ያህል ይሆን? ይሉኝታ መልካም ጎን አለው፤ ጎረቤትን ከጎረቤት ጋር ያኖራል። በአማካሪ ክፍል ውስጥ ግን ሕክምናውን ዕውር ያደርገዋል። ማይክል ላምበርት በአሜሪካ ያዘጋጀው መፍትሔ ቀላል ነው፤ ታካሚው ከእያንዳንዱ ቀጠሮ በፊት 45 ጥያቄ ያለበት ቅጽ ይሞላል፤ ነገሩ እየባሰ ከሆነ ባለሙያው ወዲያው ያውቃል። ይህ በተሞከረባቸው በብዙ ጥናቶች እየባሰባቸው የነበሩት ሰዎች ውጤት ተሻሽሏል። አፍ አልናገር ያለውን ወረቀት ተናገረው ማለት ነው። ቅጽ የሌለው አማካሪ ዘንድ ይህን ሥራ የሚሠራው የታካሚው አንደበት ነው።

እስከዚህ የተከተለኝ ሰው ሌላ ተቃውሞ ሊያነሣ ይችላል። መተማመንና መነጋገር ይህን ያህል ከሠራ፣ ሥልጠና ምን ያደርጋል? ጥሩ ልብ ያለው ማንኛውም ሰው አይበቃም? አይበቃም፤ ማስረጃውም ግልጽ ነው። በደራሽ አደጋ የተጎዱ ሰዎችን በአንድ ቀጠሮ ሁሉን ነገር በዝርዝር ማናገር ይጠቅማል ተብሎ ለዓመታት ሲሠራበት ቆይቶ ነበር። በ1997 ጆናታን ቢሰንና ባልደረቦቹ በዌልስ በእሳት ቃጠሎ የተጎዱ ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ሲመረምሩ፣ ከ13 ወር በኋላ በአደጋው ትዝታ የሚመጣው የአእምሮ ሕመም በተናገሩት ላይ 26 በመቶ፣ ባልተናገሩት ላይ 9 በመቶ ሆኖ ተገኘ። መናገር ብቻውን መድኃኒት አይደለም፤ ያለ ጊዜውና ያለ ሥርዓቱ ከሆነ ሊጎዳም ይችላል። እጁን ደጋግሞ ከመታጠብ፣ በሩን ሃያ ጊዜ ተመልሶ ከማየት መላቀቅ ያቃተው ሰውም በማዳመጥ ብቻ አይድንም። ለእሱ ተፈትኖ የተረጋገጠው ሕክምና የሚፈራውን ነገር በደረጃ እየቀረበ፣ ያንን የመታጠብና የማየት ልማድ ግን እየከለከለ የሚሄድ ነው። በድንገተኛ የፍርሃት ማዕበል ለሚናጥ ሰው፣ አውሬ ወይም ከፍታ ለሚፈራ ሰው፣ በጦርነት ወይም በመደፈር ትዝታ ለሚባንን ሰውም እንዲሁ የተለየ ዘዴ አለ። ሰው የሌለ ድምፅ የሚሰማ፣ ለቀናት ሳይተኛ በደስታ የሚከንፍ፣ ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ፣ የመጨረሻው ከሆነ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሄድ ይኖርበታል፤ ንግግሩ ከመድኃኒቱ ጋር ወይም ከእሱ በኋላ ይመጣል።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ግን ከቤታችን የሚነሣው ነው። የንስሐ አባት አለን፤ ሽማግሌ አለን፤ ጎረቤት፣ እድር፣ ቡና አብረን የምንጠጣው ወዳጅ አለን፤ ለማያውቁት ሰው ገበናን ዘርግፎ ገንዘብ መክፈል ለምን ያስፈልጋል? ይህን የሚል ሰው ሞኝ አይደለም። ለብዙ ሐዘንና ለብዙ ጠብ ያሉን ሰዎች ይበቃሉ፤ ሁሉንም ነገር ሕመም ማድረግም ጥፋት ነው። ነገር ግን የንስሐ አባት የሚመልሱት ጥያቄ የነፍስ ጥያቄ ነው፤ ሽማግሌ የሚሠሩት እርቅ ነው፤ እርቅ ደግሞ ለሁለቱም ወገን መሆን ስላለበት የአንዱን ሕመም ብቻ ይዞ ሊቀመጥ አይችልም። ወዳጅ የራሱ ስሜትና ጥቅም አለው፤ ባልሽን ያውቃል፣ እናትሽን ያውቃል። አማካሪ ከዚህ ሁሉ ውጭ መሆኑ ነው የሚጠቅመው። ደግሞም ሁለቱን ማጣላት አያስፈልግም። በአዲስ አበባ በእንጦጦ ማርያም የጠበል ቦታ ከአገልጋዮቹ ጋር የአእምሮ ሐኪሞች ተባብረው እንደሠሩ፣ ሰዎች ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንደወሰዱ በ2021 የታተመ ጥናት መዝግቧል።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚለውን ደግሞ የአፍሪካ ማስረጃ ይመልሰዋል። በ2003 የታተመው የኡጋንዳ ጥናት የተሠራው በራካይና በማሳካ ወረዳዎች በ30 መንደሮች ነው። አጥኚዎቹ በመጀመሪያ ሰዎቹ ራሳቸው ሕመማቸውን እንዴት እንደሚገልጹት ጠየቁ፤ ራስን መጥላትና ለራስ ማዘን ብለው የሚጠሯቸው ሁለት ሕመሞች ወጡ። ከዚያ ክለርማንና ዋይስማን ያዳበሩትን ሕክምና ለሁለት ሳምንት የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች፣ ወንዶችን ለብቻ ሴቶችን ለብቻ ሰብስበው ለ16 ሳምንት ሰጡ። ከመጀመሩ በፊት 86 በመቶው ድባቴ ነበረባቸው፤ ሲያበቃ 6.5 በመቶ። ሕክምናውን ባላገኙት መንደሮች ከ94 በመቶ የወረደው ወደ 54.7 ብቻ ነው። በዚምባብዌ ደግሞ ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም በሐራሬ የጤና ጣቢያዎች ግቢ የእንጨት አግዳሚ ወንበር አስቀምጦ አያቶችን አሠለጠነ። ሐሳብ በዛብኝ የሚል ሰው ከአንዲት እናት አጠገብ ይቀመጣል፤ ችግሮቹን ይዘረዝራል፤ አንዱን ይመርጣል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ምን እንደሚያደርግ ተስማምተው ይለያያሉ፤ እስከ ስድስት ጊዜ ይገናኛሉ። በ24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2016 የታተመው ጥናት ከስድስት ወር በኋላ የተለመደውን አገልግሎት ካገኙት ይልቅ በወንበሩ ላይ በተረዱት ሰዎች ሕመሙ እንደቀነሰ አሳይቷል። የእነዚህ እናቶች ጥበብ የእኛ እናቶችም አላቸው። የተጨመረው ሥልጠና፣ የተወሰነ ሥርዓት፣ ከበላይ የሚከታተላቸው ባለሙያና በየጊዜው «ተሻለህ ወይ?» ብሎ መለካት ነው።

አሁን ወደ ፍለጋው እንምጣ። በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን የአእምሮ ሕክምና ማለት አማኑኤል ሆስፒታል ማለት ስለነበረ፣ ብዙ ሰው የአማካሪ በር ሲያንኳኳ «አማኑኤል ገባ» መባልን ይፈራል። ዛሬ በአጠቃላይ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች አሉ፤ በዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎች የምክር አገልግሎት አለ፤ በከተሞች የግል ማዕከላትም እየበዙ ነው። ማን ምን እንደሆነ መለየት ግን ያስፈልጋል። ሳይካትሪስት ሐኪም ነው፤ መድኃኒት ያዛል። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት መድኃኒት አያዝም፤ የሠለጠነው ሕመሙን በመመርመርና በንግግር በማከም ነው። ካውንስለር የሚባለው በትዳር፣ በትምህርት፣ በሱስ ወይም በሐዘን ላይ ሊያተኩር ይችላል፤ ሥልጠናውም ከሰው ሰው ይለያያል። አዳራሽ ሞልቶ አነቃቂ ንግግር የሚያደርግ ሰው ተናጋሪ ነው፤ ሕመም ለማከም መሠልጠኑ በሌላ ማስረጃ መታየት አለበት። የሙያ ፈቃድ አለዎት ወይ፣ የት ተማሩ፣ ከባድ ነገር ሲገጥምዎት የሚያማክሩት ባለሙያ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ቀጥሎ የሚመጡት ጥያቄዎች ይበልጣሉ። «እንደኔ ያለ ችግር ይዞ የመጣ ሰው አክመው ያውቃሉ? በምን መንገድ ነው የምንሠራው? እየተሻለኝ መሆኑን በምን እናውቃለን? ካልተሻለኝስ ምን እናደርጋለን?» የመጨረሻዋን ጥያቄ በጥሞና መስማት ነው። «ካልተሻለዎት ይንገሩኝ፤ መንገዱን እንለውጣለን፣ ወይም ወደ ሌላ ሰው እልክዎታለሁ» የሚል ከሆነ የሚፈለገው ሰው ተገኘ ማለት ነው። «እኔ ጋ መጥቶ ያልዳነ የለም» የሚል ከሆነ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ቅሬታ ቦታ እንደሌለው አስቀድሞ ተነግሯል። ሴት አማካሪ መፈለግ፣ ከሰፈርም ከዘመድም የማይገናኝ ሰው መፈለግ፣ የሚናገሩትን ቋንቋ በደንብ የሚሰማ ሰው መፈለግ ሁሉም ተገቢ ነው። ምሥጢር እስከ ምን ድረስ እንደሚጠበቅም በመጀመሪያው ቀን ይጠየቅ፤ ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ወይም ሕፃን ሲጎዳ ገደብ እንዳለው ሐቀኛ ባለሙያ ይናገራል። የሌላ ታካሚ ታሪክ የሚያወራ፣ ገንዘብ የሚበደር፣ ከክፍሉ ውጭ ሌላ ግንኙነት የሚፈልግ ሰው ዘንድ ለሁለተኛ ጊዜ መሄድ አይገባም።

በውጭ አገር ላለ አማርኛ ተናጋሪ ፍለጋው ሌላ መልክ ይይዛል። በእንግሊዝ የመንግሥቱ የጤና አገልግሎት ለድባቴና ለጭንቀት የንግግር ሕክምና በነጻ ይሰጣል፤ ሐኪም ሳይልክም ራስን ማስመዝገብ ይቻላል። በዚያው አገር «ካውንስለር» የሚለውን ስም ማንም ሊጠራበት ስለሚችል ሰውየው በታወቀ የሙያ ማኅበር መመዝገቡን ማየት ይገባል። በአሜሪካ ፈቃዱ በየስቴቱ የሚሰጥ ነው፤ በቪዲዮ የሚያክም አማርኛ ተናጋሪ ቢገኝ እንኳ ታካሚው በሚኖርበት ስቴት ለመሥራት መፈቀዱ መጠየቅ አለበት። አስተርጓሚ ካስፈለገ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ የሕክምና ተቋማት ያለ ክፍያ ማቅረብ ግዴታቸው ነው። ልጅን ማስተርጎም ግን ፈጽሞ መደረግ የለበትም፤ እናት በልጇ አንደበት ስለ ትዳሯ ወይም በስደት መንገድ ላይ ስለ ደረሰባት ነገር ልትናገር አትችልም፤ ልጁም ሊሸከመው የማይገባ ነገር ይሸከማል። አበሻው በሚተዋወቅበት ከተማ አስተርጓሚው የአንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም የአንድ መስጊድ ሰው ሊሆን ስለሚችል፣ በስልክ ከሌላ ከተማ የሚያስተረጉም ሰው ይሁንልኝ ማለትም ይቻላል።

የቀረው ተቃውሞ ከራሳቸው ከባለሙያዎች ሊመጣ የሚችል ነው። ታካሚ ቅር ባለው ቁጥር ተናገር ወይም ውጣ ከተባለ፣ ሕክምናው ልክ ከባዱ ቦታ ላይ ሲደርስ ይሸሻል። ሥጋቱ ትክክል ነው። ቁስል ሲጠረግ እንደሚያምመው ሁሉ፣ የሚፈሩትን መጋፈጥ ወይም የሸሹትን ሐዘን ማልቀስ ለጊዜው ያምማል። ለዚህ ነው መናገርና መውጣት የተለያዩ መሆናቸውን አጥብቄ የምለየው። በአማካሪና በታካሚ መካከል የተፈጠረ ቅሬታ በግልጽ ተነግሮ ሲጠገን የሕክምናው ውጤት እንደሚሻል ጄረሚ ሳፍራንና ባልደረቦቹ በተከታታይ ባደረጉት ምርምር አሳይተዋል። ስለዚህ በመጀመሪያ መናገር ነው፤ «ባለፈው ስለ ወንድሜ ያሉት ነገር ከብዶኝ ነበር» ወይም «አራት ጊዜ መጣሁ፤ እንቅልፌ ግን እንደነበረ ነው» ብሎ። የሥራው ሕመም ከሆነ አማካሪው ለምን እንደሚያምም፣ እስከ መቼ እንደሚያምም ያስረዳል፤ ታካሚውም ቢከብደውም የት እየሄደ እንደሆነ ያውቃል። አለመጣጣም ከሆነ ደግሞ ምልክቱ ሌላ ነው፤ የተናገሩት አይሰማም፣ ስብከት ይበዛል፣ ግቡ ምን እንደሆነ ሁለቱም አያውቁትም፣ ቅሬታ ሲነገር ጥፋቱ ወደ ታካሚው ይዞራል። ጊዜውን በተመለከተ ኬነዝ ሃዋርድና ባልደረቦቹ በ1986 ያወጡት ስሌት መነሻ ይሆናል፤ እስከ ስምንተኛው ቀጠሮ ግማሽ ያህሉ፣ እስከ 26ኛው ሦስት አራተኛው ለውጥ ያሳያሉ። በሁለተኛው ቀጠሮ ተስፋ መቁረጥ ችኮላ ነው፤ ስምንት ጊዜ ተመላልሶ ምንም ሳይነቃነቅ ዝም ማለት ደግሞ መዘግየት ነው። በየቀጠሮው የሚከፈለው ገንዘብ ለብዙዎቻችን ቀላል ስላልሆነ፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ላይ «የት ደርሰናል?» ብሎ መጠየቅን አስቀድሞ ከአማካሪው ጋር መቅጠር ይሻላል።

መለያየት ከመጣም እንደ ጠብ መታየት የለበትም። ቀርቶ ከመጥፋት ይልቅ አንድ የመጨረሻ ቀጠሮ ይዞ፣ የተሞከረው ምን እንደነበር፣ ምን እንደሠራና ምን እንዳልሠራ በአንድ ገጽ እንዲጻፍ መጠየቅ ይቻላል። ያ ገጽ ለሚቀጥለው አማካሪ ትልቅ ነገር ነው፤ ሁሉን እንደገና ከመጀመሪያው ከመተረክ ያድናል፤ የተሞከረው እንዳይደገምም ይረዳል። ከበፊቱ አማካሪ ጽሑፉ ካልተገኘ ሰውየው ራሱ በራሱ ቃል ይጻፈው፦ የመጣሁበት ጉዳይ፣ ስንት ጊዜ እንደሄድኩ፣ የወሰድኩት መድኃኒት ካለ ስሙ፣ የጠቀመኝ፣ ያልጠቀመኝ፣ እና ሳልናገረው የቀረሁት።